ትኋን ከቤት አልወጣ ሲል፦ ለጅማ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው ትኋንን በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሰው ይነሳል። ፍራሹን ደጅ ያወጣል፣ አንሶላውን ያጥባል፣ ክፍሉን ፍሊት ይነፋል። ለጥቂት ቀን እፎይ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ እያከኩ መነሳት ይጀምራሉ። ያኔ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ተብሎ ከበፊቱ የባሰ መርዝ ይገዛል።

ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈን እንቁላሉ ነው። ፍሊት የትኋን እንቁላል ላይ እምብዛም አይሠራም። እንቁላሉ ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ከ6 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። እንደ ጅማ ክረምት ቀዝቀዝ ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥራ፣ የቱንም ያህል ቢለፋበት፣ ግማሽ ሥራ ነው። እዚህ የምነግራችሁ አሠራር አንድ ሙሉ ቀን፣ ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ይጠይቃል። በጠቅላላው ቢያንስ ሁለት ወር ይፈጃል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ሌላው ነገር ማፈር ነው። ትኋን የሚፈልገው ደም ነው፤ ቤቱ ይጽዳ ይቆሽሽ ግድ የለውም። ንጹሕ ቤትም ይገባል። «ገበናዬ ይወጣል» ብላችሁ ከደበቃችሁት ግን በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ እናንተ ስታጠፉት ከዚያ ይመለሳል።

መጀመሪያ እነዚህን አቁሙ

ክፍል ቀይራችሁ አትተኙ። ሳሎን ሶፋ ላይ ከተኛችሁ ትኋኑ ተከትሏችሁ ይመጣል። አንድ ክፍል የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ፍራሹን አውጥታችሁ አትጣሉ። አልጋውና ግድግዳው ውስጥ ያለው አዲሱን ፍራሽ በጥቂት ሳምንት ይወርሰዋል። የተጣለውን ደግሞ ሌላ ሰው አንስቶ ቤቱ ያስገባዋል። የግድ መጣል ካለበት በስለት ቀዳዱት፣ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ «ትኋን አለበት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት።

ከሱቅ የተገዛ ፍሊት ክፍሉን በሙሉ አትንፉ። ብዙ ቦታ ትኋን እነዚህን መድኃኒቶች ተላምዷል። ያልሞተው ይሸሽና ሶኬት ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ፣ ጎረቤት ቤት ይገባል።

ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን አልጋ ላይ አትቀቡ። ስፖንጅ ፍራሽ በአንድ ክብሪት ይያያዛል። ክፍሉ ውስጥ ከሰል ወይም ሻማ ካለ እሳቱን እናንተ ራሳችሁ ጠራችሁት ማለት ነው። በርበሬና ድኝ ማጨስም ትኋኑን አያጠፋውም፤ የሰው ሳንባ ግን ይጎዳል። አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

የነቀዝ ኪኒን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ

ይህን ለይቼ የጻፍኩት ሰው ስለሚሞትበት ነው። ለበቆሎና ለስንዴ ጎተራ የሚሸጠው የነቀዝ ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ፎስቶክሲን በሚለው ስምም ይታወቃል። ኪኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በስንጥቅና በኮርኒስ አልፎ አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ጋ ይደርሳል። መርዙን የሚያረክስ መድኃኒት ሐኪም ቤትም የለም። ፍራሽ ሥር አንድ ፍሬ ማስቀመጥም ይሁን በሩን ዘግቶ መውጣት ያው ነው፤ አይደረግም። ጎረቤት ሲያደርገው ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከግቢው ውጡ።

ለማሳ፣ ለጫት ወይም ለቡና ተብሎ የተገዛ የእርሻ መድኃኒትም መኝታ ቤት አይገባም። ፍራሽ የነካው መርዝ ሌሊቱን ሙሉ በቆዳና በትንፋሽ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ትኋን መሆኑን አረጋግጡ

በንክሻው ብቻ አትፍረዱ። አንዱ ሰውነቱ ያብጣል፣ አጠገቡ የተኛው ምንም አይታይበትም። ምልክቱ ከተነከሱ ከቀናት በኋላ የሚወጣበትም ሰው አለ።

ትኋኑን ራሱን ፈልጉ። አዋቂው ምስር ያክላል። ጠፍጣፋና ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ደም ሲጠጣ ይነፋል፣ ይረዝማል፣ ይጠቁራል። ጫጩቱ ገርጣ ያለ ስለሆነ ነጭ አንሶላ ላይ አይታይም። አይበርም፣ አይዘልም፣ ግን ፈጣን ሯጭ ነው። እንቁላሉ ነጭ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ እንጨት ወይም ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

በዚህ ተራ ፈትሹ፦

1. የፍራሹን ጠርዝና ስፌት፣ በተለይ በራስጌ በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች።
2. የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የቪቴ ቀዳዳና የርብራቡን ጫፍ።
3. የራስጌውን ጀርባ፣ ግድግዳውን የሚነካበትን ጎን።
4. የአጎበሩን ስፌትና የተንጠለጠለበትን ገመድ።
5. ኮመዲኖ፣ በአልጋው አጠገብ ያለ ስንጥቅ፣ የተለጠፈ ጋዜጣና ፖስተር፣ የመጋረጃ እጥፋት።

ባትሪ ወይም የስልክ መብራት በጎን አብሩ እንጂ ፊት ለፊት አታብሩ። የአልጋው ጎን ራስጌው ላይ ከሚሰካበት ብረት ሥር ስታዩ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ በእርጥብ ጥጥ ጥረጉት። ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተቀባ የተፈጨ ደም ነው፤ የትኋን ኩስ ማለት ነው። አጠገቡ ገለባ የመሰለ ቀላል ቆዳ ካለ እሱ ሲያድግ የጣለው ነው። ይህን ካገኛችሁ ሕያዉን ባታዩም አለ ብላችሁ ቁጠሩ።

ቀን ካልተገኘ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነሱና አንሶላውን በድንገት ገልጣችሁ መብራት አብሩ። አብዛኛውን ጊዜ ለመመገብ የሚወጣው ሰው በከባዱ ሲተኛ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠጥቶ ወደ ጎሬው ይመለሳል።

*ሌላ ነገር ቢሆንስ?* የሚዘልና ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚነክስ ቁንጫ ነው። በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓና በእምብርት ዙሪያ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ፣ ቤተሰቡም በሙሉ የሚያክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ የሚድነው በሐኪም ቤት መድኃኒት ስለሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እከክ ይዟቸው ቤታቸውን ለወራት መርዝ የሚነፉ ሰዎች አሉ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሱቅ መመላለስ አይቻልም። በእግርና በልብስ ትኋን ይዛችሁ ትዞራላችሁ። እነዚህን አሟሉ፦

- ካቻቪቴና ፒንሳ፣ አልጋውን ለመፍታት
- ትልቅ ድስት፣ በራድና ሁለት ሳፋ
- ኦሞ ወይም ላርጎ
- ወፍራም ላስቲክና ሰፊ ፕላስተር
- ያልተቀደደ ትልቅ ፌስታል፣ በርከት አድርጋችሁ
- ጠንካራ ብሩሽ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ቀጭን ቢላዋ
- ስቱኮ ወይም ጀሶ፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃና ጭድ
- አራት ጣሳ፣ ለአልጋው እግር
- ካውያ

ቀኑንም ምረጡ። ጅማ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ የታጠበ ብርድ ልብስ ላይደርቅ ይችላል። ክረምት ላይ ከሆናችሁ በጋውን አትጠብቁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሥራውን ግን ከፋፍሉት፦ ዛሬ አንሶላና የትራስ ልብስ፣ በሚቀጥለው ፀሐይ ብርድ ልብስ።

ደረጃ 3፦ ጨርቁን በሙቀት ግደሉ

ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ትኋኑም እንቁላሉም ይሞታል። ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ የማምነው ይህንን ነው፤ ትኋን መድኃኒትን ይላመዳል፣ የፈላ ውሃን ግን አይላመድም።

1. አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ልብስ እዚያው አልጋው አጠገብ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ቋጥሩ። ታቅፋችሁ በሳሎን አትለፉ፤ መንገድ ላይ ይረግፋል።
2. ውሃ አፍሉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃዋ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለትኋን ከበቂ በላይ ነው።
3. ልብሱን ሳፋ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በሙቅ ውሃ ድፈቁት፣ ክደኑት፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አቆዩት። ሲበርድ የፈላ ውሃ ጨምሩበት። ልጆች በአካባቢው አይኑሩ።
4. የያዘውን ፌስታል አውጥታችሁ ጣሉ እንጂ የታጠበውን መልሳችሁ አትክተቱበት።
5. የደረቀውን አዲስ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ክፍሉ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የፈላ ውሃ የማይችል ልብስ ካለ በካውያ ተኩሱት፤ ስፌቱና ኪሱ ላይ ቆየት በሉ። ፍሪዘር ካላችሁ ትንንሽ ነገሮችን በ-18 ዲግሪ ለ4 ቀን አስቀምጡ። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራውን ከአንድ ጀምሩ።

ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም። ፍራሹ ከላይ ሲሞቅ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይሄዳል፤ ውስጡም 50 ዲግሪ አይደርስም። ፀሐይ ለእርጥበትና ለሽታ ጥሩ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

*አጎበሩስ?* አትጣሉት፤ ጅማ የወባ አገር ነው። የፈላ ውሃም አታድርጉበት፣ መድኃኒቱ ይለቃል። ደጅ አውጥታችሁ ስፌቱን አንድ በአንድ እዩ፣ የተጣበቀውን እንቁላል በጥፍር ጨፍልቁ፣ ትኋኑን በፕላስተር አንሱ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በመደበኛ ሳሙና እጠቡና ጥላ ላይ አድርቁ። በየሳምንቱ ዙር ስፌቱን ድገሙ።

ደረጃ 4፦ አልጋውን ፍቱ

ብዙ ቤት ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። አልጋውን ሳይፈቱ ላይ ላዩን ይጠርጉታል። ትኋኑ ያለው ግን እንጨት ከእንጨት በተገናኘበት፣ ጠባብ ክፍተት ባለበት ቦታ ነው።

1. አልጋው ሥር ነጭ አንሶላ ወይም ላስቲክ አንጥፉ። የሚወድቀው ይታያችኋል።
2. ርብራቡን አንድ በአንድ አንሱ። ጫፉን ሳሙና ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ አራግፉ።
3. ራስጌና ግርጌውን ከጎኖቹ ለዩ። ቪቴዎቹን ሳሙና ውሃ ውስጥ ጣሏቸው።
4. የሚታየውን ሁሉ በፕላስተር እያጣበቃችሁ ወይም በብሩሽ እየጠረጋችሁ ሳሙና ውሃ ውስጥ ክተቱ። በቢላዋ ጫፍ ስንጥቁን ፋቁ።
5. ክፍሎቹን ደጅ አውጡ። መጋጠሚያ፣ ቀዳዳና ስንጥቅ ላይ በበራድ የፈላ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ላይ ላዩን ከረጫችሁት ውሃው ወዲያው ይበርዳል። አንድ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ ገልብጡት፣ ድገሙት።
6. በደንብ ይድረቅ። ጅማ ላይ ክረምት ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። እስከዚያ ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እዚያው ክፍል ወለሉ ላይ ተኙበት።
7. ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኑ፣ ከዚያ ግጠሙት።

ቫርኒሽ የተቀባ አልጋ በፈላ ውሃ ቀለሙ ሊነጣ ይችላል። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። ቺፑድ ከሆነ ያብጣል፤ እሱን በብሩሽና በፕላስተር ጥረጉት እንጂ ውሃ አትድፉበት። የብረት አልጋ ቱቦው ክፍት ከሆነ ውስጡ ድረስ የፈላ ውሃ አፍስሱና ጫፉን በጨርቅና በፕላስተር ድፈኑ። የጠፍር አልጋ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጠፍሩ እንጨቱ ላይ የተጠመጠመበት እያንዳንዱ ዙር መደበቂያ ነው። ጠፍሩ ካልተፈታ አይጸዳም፤ የፈላ ውሃም ቆዳውን ያኮማትረዋል። አቅም ካለ እንጨቱን አጽድቶ አዲስ ርብራብ ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ፍራሹን ቆልፉበት

ስፖንጅ ፍራሽ ዚፕ ያለው ልብስ ካለው አውልቁና የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከመደብር የመጣበት ላስቲክ ማዕዘኑ ላይ ተቀዶ እንደሆነ ግፈፉት፤ በላስቲኩና በጨርቁ መሐል ይራባል። ጠርዙን በብሩሽና በፕላስተር ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ስፌቱን በኤሌክትሪክ ካውያ እለፉበት። ካውያውን አንድ ቦታ አታቆዩ፣ ስፖንጁ ይቀልጣል። የከሰል ካውያ ወደ ስፖንጅ አይቅረብ።

ከዚያ ፍራሹን በሙሉ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉ። መገጣጠሚያውን በሰፊ ፕላስተር ዳር እስከ ዳር ለጥፉ፤ ክፍተት አይኑር። ላዩ ላይ የሚታጠብ ልብስ አድርጉበትና ተኙበት። ላስቲኩ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ። ትኋን ሳይበላ ለወራት ይኖራል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። በመሐል ከተቀደደ ወዲያው ለጥፉት። ሕፃን የሚተኛበት ከሆነ ላስቲኩ በጨርቅ ተሸፍኖ በደንብ የተወጠረ ይሁን፤ ልቅ ላስቲክ ሕፃን ያፍናል።

የሳር ፍራሽ ከሆነ ሳሩን አውጥታችሁ ደጅ አቃጥሉ፣ ልብሱን አፍልታችሁ አዲስ ሳር ሙሉ።

ደረጃ 6፦ ግድግዳና የቀረው ዕቃ

የተለጠፈ ጋዜጣና ፖስተር ግፈፉና አቃጥሉ። የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይደፈን፤ ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ድገሙት። ከወለሉ እስከ ደረት ቁመት ያለውንና በአልጋው ዙሪያ ያለውን አስቀድሙ። የማዳበሪያ ኮርኒስ ካላችሁ ግድግዳውን የሚነካበትን ጠርዝ እዩ፣ የላላውን ወጥሩና በፕላስተር ዝጉ። ሶኬት ላይ ውሃ እንዳታደርሱ፤ ቆጣሪውን አጥፍታችሁ ሽፋኑን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።

ሶፋና መጅሊስ ላይ ሰው የሚተኛ ከሆነ እንደ አልጋ ቁጠሯቸው። እንግዳ የሚያድርበት መጅሊስ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የትራሶቹን ልብስ አውልቁና አፍሉ፣ ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልብጡ፣ ሶፋውን አዙሩና ሥሩ ላይ የተሰፋውን ጨርቅ ጠርዙ ላይ እዩ።

አልጋ ሥር የተከማቸ ካርቶን፣ ጫማ፣ ጆንያና ሻንጣ ይውጣ። ካርቶኑን አቃጥሉ። ሻንጣውን በሳሙና ውሃ ጥረጉት፣ ዚፑን በብሩሽ ፈልፍሉ። ከዚህ በኋላ አልጋ ሥር ምንም አይቀመጥ።

ደረጃ 7፦ አልጋውን ከቤቱ ለዩት

ይህ ቀላሉና ሰው ከሁሉ የሚዘለው ሥራ ነው። የተጸዳው አልጋ ላይ ከግድግዳ የሚመጣ ትኋን እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

1. አልጋውን ከግድግዳው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አርቁ።
2. እያንዳንዱን እግር ሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። እንጨቱ እንዳይበሰብስ መጀመሪያ እግሩን በፌስታል አስራችሁ አስገቡ።
3. አንሶላ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ወለሉን አይንኩ።
4. አጎበሩ ፍራሹ ሥር በደንብ ይወተፍ፤ ጫፉ መሬት አይንካ፣ ግድግዳም አይደገፍ።

ጣሳውን በየጠዋቱ እዩ። የወደቀ ትኋን ካለ አሁንም ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ነገራችሁ ማለት ነው። ውሃውን ከሳምንት በላይ አታቆዩ፣ ትንኝ ይራባበታል።

መሬት ወይም መደብ ላይ ለሚተኛ ቤተሰብ ይህ ደረጃ አይሠራም። የመደቡን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ለስኑ፣ ፍራሹን በላስቲክ ቆልፉ፣ የሌሊቱን ፍተሻ አዘውትሩ።

ደረጃ 8፦ ድገሙ

በ7ኛው፣ በ14ኛው፣ በ21ኛውና በ28ኛው ቀን የአልጋ ልብሱን እንደገና አፍሉ፣ መጋጠሚያውን በባትሪ እዩ፣ ነጠብጣብ ያያችሁበት ቦታ ሁሉ የፈላ ውሃ ድገሙ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ላይ ንክሻ ባይኖርም አትተዉት፤ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ገና ትንንሽ ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ 60ኛው ቀን በሳምንት አንዴ ፈትሹ። አንዲት ሴት ትኋን በቀን ከ1 እስከ 5፣ በዕድሜዋ ከ200 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ማቆሚያችሁ «ቀንሷል» አይሁን። ለሁለት ወር አዲስ ነጠብጣብ፣ ንክሻና ጣሳ ውስጥ የወደቀ ትኋን ሲጠፋ ነው ቤቱ ጸዳ የሚባለው።

ደረጃ 9፦ መድኃኒት የግድ ከሆነ

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር አልፎ ቁጥሩ ካልቀነሰ ባለሙያ ጥሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ መድኃኒቱ ምን ይባላል? ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደ ነው? ጽሑፉ ያለበትን ዕቃ ያሳየኛል? ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይደግማል? ስሙን የማይናገር፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ የሚመጣ ሰው ቤታችሁ አይግባ። ዕቃው ላይ የተጻፈው የሰዓት ገደብ ካለፈና ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ብቻ ግቡ። እርጉዝ፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ዘግየት ብለው ይመለሱ።

*መርዝ የነካው ሰው ምልክት፦* ምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ቆዳውን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡ። እናንተ ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ። ወተት አታጠጡት፣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የነቀዝ ኪኒን ጋዝ ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ የወደቀ ሰው ካለ ግን ዝም ብላችሁ አትግቡ፤ መጀመሪያ በርና መስኮቱን ከውጭ ክፈቱ።

ሥራው ሲበላሽ

*ንክሻው ቆሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ።* ያለፋችሁት ቦታ አለ። ከራስጌው ጀርባና ከርብራቡ ጫፍ ጀምሩ፤ ከዚያ ሶፋውንና መጅሊሱን እዩ። አልጋ ሥር የተመለሰ ዕቃም ሊኖር ይችላል።

*ጣሳው ውስጥ በየቀኑ ይወድቃል፣ አልጋው ላይ ግን የለም።* ጥሩ ምልክት ነው፤ አልጋው ጸድቷል። ምንጩ ግድግዳ፣ ኮርኒስ ወይም ጎረቤት ነው።

*ጎረቤት ነው።* በአንድ ግድግዳ የሚካፈሉ ሰርቪስ ክፍሎች ባሉበት ግቢ፣ በተለይ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባሉ የተማሪ ኪራይ ቤቶች፣ አንድ ክፍል ብቻውን አይጸዳም። ወደ አከራይዋ ወቀሳ ሳይሆን ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። «እትዬ፣ የእኔ ክፍል ትኋን ገብቶበታል። እሑድ አልጋ ልፈታ ነው። ሌሎቹም በዚያው ቀን ቢያደርጉ ውሃውን አብረን እናፈላ ነበር፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ደግሞ እርስዎ ቢያስደፍኑልን» ማለት ከጭቅጭቅ ይሻላል። አከራይዋ ቤቱ ስሙ እንዳይጠፋ ስለምትፈልግ ብዙ ጊዜ ትስማማለች።

*ልጁ አክኮ አቆሰለው።* በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፣ ጥፍሩን ቁረጡ። ለማሳከኩ የሚሆን ቅባት ፋርማሲ ጠይቁ። ነጭ ጋዝም ሆነ ሎሚ አትቀቡት። መግል ከያዘ፣ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልታወቀም፤ በማከክ የተከፈተ ቁስል ግን ሊመረቅዝ ይችላል።

እንዳይመለስ

ያገለገለ አልጋ፣ ሶፋ ወይም ፍራሽ ሂርማታ ሐሙስ ገበያም ይሁን ከጎረቤት ስትገዙ መጋጠሚያውን በባትሪ ሳታዩ አትክፈሉ። ሻጩ «ምን ታያለህ» ቢል እንኳ ገልብጡት። ሰልባጅ ልብስ ቤት ከመግባቱ በፊት የፈላ ውሃ ውስጥ ይግባ። አልጋ ቤት ስታድሩ ሻንጣችሁን አልጋ ላይ ወይም ወለል ላይ አታድርጉ፤ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጠረጴዛ ላይ ስቀሉት። ከመተኛታችሁ በፊት አንሶላውን በራስጌ በኩል ገልጣችሁ የፍራሹን ማዕዘን እዩ። ስትመለሱ ሻንጣውን በረንዳ ላይ ክፈቱ፣ ልብሱን ቀጥታ ወደ ሳፋ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ተማሪ ፍራሹን ተሸክሞ ሲመለስም፣ በቡና ለቀማ ጊዜ ዘመድ ጆንያና ጋቢ ይዞ ሲመጣም ያው ነው፦ ዕቃው ከመኝታ ቤት በፊት ሳሙና ውሃና ፀሐይ ያለበት በረንዳ ይቅደም።